ፍሳሹ ቆመ ማለት ስንጥቁ ዳነ ማለት አይደለም

ይድረስ ለኑክሌር ኃይል ማመንጫ አስተዳዳሪዎች፣ ለተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም ጉዳዩ ያገባኛል ለሚል ሁሉ

ጉዳዩ፦ የተሰነጠቁ የሪአክተር ማቀፊያዎችን ስለ መጠገን

ክቡራንና ክቡራት፣

አብዛኛውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት ብየዳ በመፈተሽ ነው። በያጅ አይደለሁም። በያጁ ጨርሶ ሲወርድ መጥቼ፣ የአልትራሳውንድ መፈተሻውን ብረቱ ላይ አሳርፌ፣ ውስጡ ጤነኛ ይሁን አይሁን የማይ ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ቃል ነው። «ተጠግኗል» የሚለው ቃል።

ሪፖርት ላይ «ተጠግኗል» ሲባል ሁሉም ሰው እፎይ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጣቢያውን ያስነሳል። ተቆጣጣሪው ፋይሉን ይዘጋል። ጋዜጠኛውም ወደ ሌላ ዜና ይሄዳል። ግን ይህ ቃል በጣም የሚለያዩ ሁለት ነገሮችን አንድ ያደርጋቸዋል። አንደኛው ውኃው መንጠባጠቡን አቆመ ማለት ነው። ሁለተኛው ብረቱን የሰነጠቀው ነገር ተወገደ ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንዳንዴ ስድስት ዓመት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ከአንድ ሴንቲሜትር ያነሰ ብረት ነው። ሁለቱንም ከታች አነሳቸዋለሁ።

ሙያው ሩቅ ለሆነበት አንባቢ እንዲመች ከመነሻው ልጀምር። ሪአክተር ትልቅና ወፍራም የብረት ጋን ነው ብላችሁ አስቡት። በዓለም ላይ በብዛት በሚሠራበት፣ በግፊት የታፈነ ውኃ በሚጠቀመው ዓይነት፣ ጋኑ ውስጥ ያለው ውኃ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይሞቃል። ሆኖም አይፈላም። 155 ባር ገደማ በሆነ ግፊት ስለተያዘ ነው። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ያለው ግፊት 2 ባር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ተነስታችሁ ገምቱት።

ጋኑ ክዳን አለው። ክዳኑን በስተው የሚገቡ በርካታ ቱቦዎች አሉ። የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ የሚወጡትና የሚወርዱት በእነዚህ ቱቦዎች በኩል ነው። ዘንጎቹ የሪአክተሩ ፍሬን ናቸው። ውኃውን እዚያው ጋኑ ውስጥ በሚያፈላው ዓይነት ሪአክተር ደግሞ ዘንጎቹ የሚገቡት ከታች ስለሆነ ቱቦዎቹ የጋኑን ግርጌ በስተው ያልፋሉ። ባለሙያዎች እንደየዓይነቱ ብዙ ስም ይሰጧቸዋል። እኔ ግን ሁሉንም «ማቀፊያ» እላቸዋለሁ፤ ዘንጉንና ማንቀሳቀሻውን አቅፈው የያዙ ናቸውና። ማቀፊያው ከጋኑ ጋር የተያያዘው በብየዳ ነው። የእኔ ጉዳይ ያ ብየዳና በዙሪያው ያለው ብረት ነው።

ይህ ብረት ለምን ይሰነጠቃል? ሦስት ነገሮች ሲገጣጠሙ ነው። ለበሽታው የተጋለጠ ብረት፣ ብረቱን የሚጎትት ውጥረት፣ እና ትኩስ ውኃ። ከሦስቱ አንዱን ካስወገድክ ስንጥቁ መንገድ ያጣል። ውጥረቱ የግድ ከውኃው ግፊት አይመጣም። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር አጠገቡ ያለውን ብረት ይጎትታል። ያ ጉተታ እዚያው ታስሮ ይቀራል። ጣቢያው ሥራ ከመጀመሩ በፊት አለ። ሃያ ዓመት ከሠራ በኋላም አለ።

የክዳኑ ማቀፊያዎች ለረጅም ጊዜ የተሠሩት አሎይ 600 ከሚባል፣ አብዛኛው ኒኬል ከሆነ ቅይጥ ነው። ሲመረጥ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ዝገትን ይቋቋማል። ሲሞቅ የሚሰፋበት መጠንም ከጋኑ ብረት ጋር ይቀራረባል። ግን በ1959 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ፈረንሳዊው ተመራማሪ ኦንሪ ኮሪዩና ባልደረቦቹ ይህ ቅይጥ በንጹሕና በጣም ትኩስ ውኃ ውስጥ እንደሚሰነጠቅ አሳይተው ነበር። ብዙዎች አልተቀበሏቸውም። በ1991 ፈረንሳይ ውስጥ ቡዤ 3 በሚባለው ሪአክተር የግፊት ሙከራ ሲደረግ ከክዳኑ ማቀፊያ ውኃ ወጣ። በመካከሉ 32 ዓመት አለ። ማስጠንቀቂያ ሲነገር መስማት ምን ያህል እንደሚከብደን ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ታሪክ። አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር ዴቪስ-ቤሲ የሚባል ጣቢያ አለ። በ2000 መጨረሻና በ2001 መጀመሪያ ላይ ኦኮኒ በሚባል ሌላ የአሜሪካ ጣቢያ ማቀፊያዎች ተሰንጥቀው ተገኙ። አንዳንዶቹ ስንጥቆች በቱቦው ዙሪያ የሚዞሩ ነበሩ። ይህ ከባድ ዜና ነው። በቱቦው ቁመት የሚሄድ ስንጥቅ ያንጠባጥባል። ዙሪያውን የሚሄድ ግን ቱቦውን ሊቆርጠው ይችላል። ከተቆረጠ ግፊቱ ያስፈነጥረዋል፤ ዘንጉም አብሮ ይወጣል፤ ክዳኑ ላይም ቀዳዳ ይቀራል።

ስለዚህ የአሜሪካ የኑክሌር ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ኦገስት 2001 ላይ ተመሳሳይ ሪአክተር ላላቸው ጣቢያዎች ጻፈ። ይበልጥ የተጋለጡት ዓመቱ ሳያልቅ እንዲፈትሹ ፈለገ። ዴቪስ-ቤሲ ከተጋለጡት አንዱ ነበር። ባለቤቱ ግን ጊዜ ጠየቀ። ተሰጠው። እስከ ፌብሩዋሪ 16፣ 2002 መሥራቱን ቀጠለ።

ጣቢያው ሲቆም ስንጥቆቹ ተገኙና ጠጋኞች ገቡ። ማርች ላይ ቁጥር 3 የተባለው ማቀፊያ ላይ የማሽን ሥራ እየተሠራ ሳለ ቱቦው ዘመመ። ልብ በሉ፤ ቱቦው የተተከለው ከ15 ሴንቲሜትር በላይ ውፍረት ባለው ብረት ውስጥ ነው። እንዴት ሊዘም ይችላል? የተከመረውን ቅሪት ጠርገው ሲያዩ ከቱቦው ጎን ብረት የለም። ከስንጥቁ ሲያመልጥ የኖረው ውኃ ሪአክተሩን ለመቆጣጠር የሚጨመርበት ቦሪክ አሲድ ነበረበት። ውኃው ሲተን አሲዱ እየተጠራቀመ ክዳኑን በልቶታል። በዚያ ቦታ ግፊቱን ይዞ የቀረው ከውስጥ በኩል የተለበጠው ማይዝግ ብረት ብቻ ነበር። ውፍረቱ ከአንድ ሴንቲሜትር ያነሰ። ያ ልባጭ የተሠራው ጋኑን ከዝገት እንዲጠብቅ እንጂ ግፊት እንዲሸከም አልነበረም። ተሸከመ። ዛሬም ሳስበው ደረቴን ይከብደኛል።

የሚያሳዝነው ምልክቱ ተደብቆ አለመኖሩ ነው። የሕንፃውን አየር የሚከታተሉት መሣሪያዎች ማጣሪያቸው በዝገት ብናኝ ቶሎ ቶሎ ይደፈን ነበር። ሠራተኞች ይቀይሩታል። ደግሞ ይደፈናል። በ2000 የተነሳ ፎቶ ላይ ከክዳኑ የወረደ ቀይ ነገር ይታያል። ቦሪክ አሲድ ነጭ ነው። ቀይ ከሆነ ብረት በልቷል ማለት ነው። የሚያመልጠው ውኃ ደግሞ ከተፈቀደው ጣሪያ በታች ነበር። ምንጩ ላልታወቀ ፍሳሽ የተፈቀደው በደቂቃ 3.8 ሊትር ገደማ ነው። እዚያ አልደረሰም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር።

የኮሚሽኑ የራሱ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በኋላ ጉዳዩን መረመረ። ፍተሻው እንዲዘገይ የተፈቀደው በአብዛኛው ባለቤቱ የገንዘብ ጉዳት እንዳይደርስበት በማሰብ ነው የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ጣቢያው ሁለት ዓመት ቆሞ ከረመ። ኩባንያው በ2005 ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ በኮሚሽኑ ተቀጣ። በ2006 ደግሞ ክስ እንዳይቀጥልበት ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማምቶ 28 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። በማዘግየቱ የተገኘው ጊዜ ሰባት ሳምንት አይሞላም።

አሁን ወደ ቃሌ ልመለስ። የተበላው ክዳን ወርዶ ሌላ ክዳን ተተካ። «ተጠግኗል» ተባለ። የመጣው ክዳን ግን ሚሺጋን ውስጥ ሳያልቅ ለቀረ ጣቢያ የተሠራ ነበር። ማቀፊያዎቹም ያው አሎይ 600 ናቸው። ጣቢያው በ2004 ተነሳ። በ2010 ማቀፊያዎቹ እንደገና ተሰንጥቀው ተገኙ። ስድስት ዓመት ያልኳችሁ ይኸው ነው። በ2011 ሦስተኛው ክዳን መጣ። ይህኛው ማቀፊያዎቹ አሎይ 690 ናቸው። በ690 ውስጥ ያለው ክሮሚየም 30 በመቶ ገደማ ነው፤ በ600 ውስጥ ካለው እጥፍ ይጠጋል። ብረቱን ከበሽታው የሚጠብቀው ያ ክሮሚየም ነው። መንስኤው የተነካው ያኔ ነው።

ጥሩ ሲሠራም መናገር ተገቢ ነው። በ2003 ሳውዝ ቴክሳስ 1 በሚባለው ሪአክተር ፈታሾች ከጋኑ ሥር ገብተው ግርጌውን በስተው የሚገቡትን የመለኪያ ቱቦዎች አንድ በአንድ በዓይናቸው አዩ። በሁለቱ ዙሪያ ነጭ ቅሪት አገኙ። በአንዱ ላይ 150 ሚሊግራም ገደማ። በሌላው ላይ 3 ሚሊግራም ገደማ። ሦስት ሚሊግራም በጣት ጫፍ ብታነሱት ክብደቱ አይሰማችሁም። ያን ያህል ፍሳሽ የሚለካ መሣሪያ የለም። በጨርቅ ጠርጎ ማለፍ ይቻል ነበር። እነሱ ግን ናሙናውን ወስደው መረመሩ፤ ቱቦዎቹን በአልትራሳውንድ ፈተሹ፤ ስንጥቁን አገኙ፤ ከዚያም በአሎይ 690 ጠገኑ። እነዚያን ፈታሾች በአካል አላውቃቸውም። ባገኛቸው ግን እጅ ነስቼ አመሰግናቸዋለሁ።

ስለ ጥገናው ዘዴ ጥቂት ልበል። የተለያየ ነው፤ ልዩነቱም ብዙ ጊዜ ለሕዝብ አይነገርም።

አንዱ ማስፋት ነው። ውኃ በሚያፈሉት ሪአክተሮች ግርጌ ያለ ማቀፊያ ሲያንጠባጥብ፣ ቱቦው ከውስጥ በሮለር እየተጫነ ወደ ጋኑ ግድግዳ ይለጠጣል። ክፍተቱ ይዘጋል። ውኃው ይቆማል። አሜሪካ ውስጥ በናይን ማይል ፖይንት 1 እና በኦይስተር ክሪክ እንዲህ ተደርጓል። ፈጣን ነው። ሠራተኛው ጨረር ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ያጥራል። ዘዴውን አልቃወምም። ግን ስንጥቁ እዚያው ነው። ብረቱም ያው ብረት ነው። ይህን «ተጠግኗል» ብሎ መጻፍ ልክ አይመስለኝም። «ፍሳሹ ቆሟል፤ ስንጥቁ አለ፤ እስከዚህ ቀን ድረስ እንዲህ አድርገን እንከታተለዋለን» ተብሎ ይጻፍ። ርዝመቱ አንድ መስመር ነው።

ሌላው ቱቦውን ቆርጦ ግማሹን መቀየር ነው። የታመመው ክፍል ይወጣል። በምትኩ የ690 ቱቦ ይገባል። ግፊቱን የሚይዘው ብየዳም ወደ ሌላ፣ ጤነኛ ቦታ ይዛወራል። ይህ ከማስፋት በጣም ይሻላል። ሆኖም የተሰነጠቀው አሮጌ ብየዳ ብዙ ጊዜ እዚያው ይቀራል። በአሮጌውና በአዲሱ መካከል በሚፈጠረው ክፍተትም የጋኑ ብረት ቦሪክ አሲድ ካለበት ውኃ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ ጥገናው የሚያልቀው ብየዳው ሲያልቅ አይደለም። የቀረው ስንጥቅ ወዴት እንደሚያድግ፣ የተጋለጠው ብረት በዓመት ምን ያህል እንደሚበላ ተሰልቶ ነው። ያ ስሌት ከጥገናው እኩል የጥገናው አካል ነው።

ብየዳው ራሱ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። የጋኑ ብረት ሲበየድ በብየዳው ዳር ያለው ክፍል ይጠነክራል፤ ሲጠነክር ተሰባሪ ይሆናል። በፋብሪካ ቢሆን ሁሉም ነገር 600 ዲግሪ አካባቢ ለሰዓታት እንዲሞቅ ይደረግና ብረቱ ይለሰልሳል። ሥራ ላይ ያለን ሪአክተር ግን እንዲህ ማሞቅ አይቻልም። ለዚህ ነው ቴምፐር ቢድ የሚባለው ዘዴ የመጣው። በያጁ፣ አሁን አሁን ደግሞ ማሽኑ፣ ቀጭን ብየዳ በቀጭን ብየዳ ላይ ይደርባል። ሙቀቱ በጥንቃቄ ተለክቶ የላይኛው ድርብ የታችኛውን ጥንካሬ ያለዝበዋል። እያንዳንዱ መስመር ለቀደመው መድኃኒት ይሆናል። ሲሠራ ቆሞ ላየው ሰው ትዕግሥት የሚፈልግ የእጅ ጥበብ ነው። ከዚያ በኋላ ይጠበቃል። 48 ሰዓት መጠበቅ የተለመደ መስፈርት ነው። ምክንያቱም ብየዳው ውስጥ የገባ ሃይድሮጅን ብረቱን የሚሰነጥቀው ዘግይቶ ነው። ዛሬ ማታ ንጹሕ የነበረ ብየዳ ነገ ጠዋት ላይሆን ይችላል። የእኔ ሥራ የሚጀምረው ያ ጊዜ ሲያልፍ ነው። «ትንሽ ቀደም ብለህ ፈትሽልን» የሚለው ልመና የሚመጣውም በዚያው ጊዜ ነው። እባካችሁ ይህን አትለምኑን።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ጥገና ራሱ ስንጥቅ ሊወልድ ይችላል። በ2000 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ ቪ ሲ ሰመር በሚባለው ጣቢያ ከጋኑ የሚወጣው ትልቁ ቱቦ ብየዳ ተሰንጥቆ ተገኘ። ወለሉ ላይ ከ90 ኪሎ በላይ ቦሪክ አሲድ ተከምሮ ነበር። መዝገቡ ሲገለጥ ያ ብየዳ ጣቢያው ሲገነባ ተደጋግሞ የተጠገነ ነው። በ2023 ደግሞ ፈረንሳይ፣ ፔንሊ 1 ላይ የድንገተኛ ማቀዝቀዣ ቧንቧ ብየዳ አጠገብ ስንጥቅ ተገኘ። ቧንቧው 27 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። ስንጥቁ 23 ሚሊሜትር ጠልቆ ገብቷል። ርዝመቱ 155 ሚሊሜትር ነበር። ያም ብየዳ በግንባታ ጊዜ ሁለት ጊዜ ተጠግኖ ነበር። ከዚያ በፊት ይህ መስመር ብዙም የማያሰጋ ተብሎ ይታሰብ ነበር።

ይህ ለእኔ ትልቅ ትምህርት ነው። ያኔ የጠገኑት ሰዎች አልዋሹም። ጉድለቱን ቆፍረው አወጡ፤ እንደገና በየዱ፤ ተፈተሸ፤ አለፈ። ግን በየዱ ማለት አዲስ ጉተታ አስቀመጡ ማለት ነው። ያ ጉተታ ዓመታት ጠብቆ ውጤቱን አሳየ። ስለዚህ በሥራችሁ ያሉ ጣቢያዎች የግንባታ ዘመን መዝገባቸው የት ነው ያለው? የትኛው ብየዳ ስንት ጊዜ ተጠገነ የሚለው ወረቀት ማኅደር ቤት አቧራ ከጠጣ ለማንም አይጠቅምም። እኔን ወደ ፍተሻ ስትልኩኝ ያን ወረቀት አብራችሁ ስጡኝ። በጣም የታመመውን ቦታ መጀመሪያ ልየው።

ብረቱ ሳይሰነጠቅ መቅደምም ይቻላል። የብየዳውን ገጽ በኃይለኛ የውኃ ጅረት ወይም በሌዘር መምታት አንዱ ነው። ሲመታ የላይኛው ብረት ይጨመቃል፤ የነበረው ጉተታ ወደ ግፊት ይለወጣል። ተጨምቆ የተያዘ ገጽ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ጃፓኖች ይህን ቀድመው ሠርተውበታል። ቀድሞ መከላከል ከጥገና ያነሰ ወጪ እንዳለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ አላረዝመውም።

ጃፓንን ካነሳሁ ግን ሌላም ነገር አለ። ኦገስት 2002 ላይ ቴፕኮ የተባለው ትልቁ የኤሌክትሪክ ኩባንያ የፍተሻ መዝገቦችን ሲያጭበረብር መኖሩ ይፋ ሆነ። በሪአክተሮቹ ውስጥ የተገኙ ስንጥቆች ሳይመዘገቡ ወይም ተለውጠው ተመዝግበዋል። ሊቀ መንበሩና ፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ለቀቁ። በኤፕሪል 2003 የኩባንያው 17 ሪአክተሮች በሙሉ ቆመው ነበር። ነገሩን ያወጣው አንድ የቀድሞ ፈታሽ ነው። ለመንግሥት ሲያመለክት የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስሙን ለኩባንያው አሳልፎ ሰጠው። እኔ በሙያው ውስጥ ሆኜ ይህን ሳነብ የተሰማኝን በቃል ልገልጸው አልችልም።

ኩባንያው ለምን ደበቀ? ጥፋቱን ላቃልል አልፈልግም፤ ማጭበርበር ማጭበርበር ነው። ግን በወቅቱ የነበረው ደንብ ሥራ ላይ ያለ ሪአክተር እንደ አዲስ ሆኖ እንዲገኝ የሚጠይቅ ነበር። ይህ ስንጥቅ ትንሽ ነው፣ እየተከታተልን ልንሠራ እንችላለን የሚባልበት ቦታ በደንቡ ውስጥ አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። ነገር ግን ታመምኩ የሚል ሁሉ የሚቀጣበት ቤት ውስጥ ሰው በሽታውን ይደብቃል። ጃፓን በ2003 ደንቧን ለወጠች። ስንጥቅ ሲገኝ መጠኑ ተለክቶ፣ እድገቱ ተሰልቶ፣ ውሳኔ የሚሰጥበት መንገድ ተከፈተ። ተቆጣጣሪዎች ሆይ፣ ጥብቅ ሁኑ። ግን ጥብቅነታችሁ እውነቱን በሚናገረው ላይ ብቻ የሚያርፍ እንዳይሆን።

ጫናው ሁልጊዜ በቁጣ አይመጣም። አንድ ጊዜ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ጣቢያ፣ ስክሪኔ ላይ ምልክት አየሁ። የብየዳው ቅርጽ የመለሰው ድምፅ ሊሆን ይችላል። ስንጥቅም ሊሆን ይችላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ጣቢያው በሦስት ቀን ውስጥ እንዲነሳ ታቅዷል። አለቃዬ ደግ ሰው ነው። ቡና ይዞልኝ መጣ። ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ቅርጹ ነው አይደል?» አለኝ። «አዎ» ብል ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ራሴም አምኜው ወደ ቤቴ እሄድ ነበር። እሺ ብዬ እስክሪብቶውን አነሳሁ። ከዚያ አስቀመጥኩት። ሌላ መፈተሻ ቀይሬ ከሌላ አቅጣጫ አየሁት። ስንጥቅ ነበር። ትንሽ፣ ግን ስንጥቅ። ጣቢያው ዘግይቶ ተነሳ። አለቃዬ ለጥቂት ቀናት ዝም አለኝ። ቆይቶ ራሱ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ይህን የምነግራችሁ ጀግና ነኝ ለማለት አይደለም። እስክሪብቶውን አንስቼ እንደነበር እንድታውቁ ነው። በየጣቢያው፣ በየሌሊቱ፣ እስክሪብቶ የሚያነሳ አንድ የደከመው ሰው አለ። ያ ሰው «እርግጠኛ አይደለሁም፣ ሌላ ቀን ስጡኝ» ሲል ቀኑ ያለ ክርክር ይሰጠው።

ስለ ጠጋኞቹም ልናገር። የዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለሠራተኛ የሚመክረው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው፤ በየትኛውም አንድ ዓመት ደግሞ ከ50 እንዳይበልጥ። ክዳን ሥር ገብቶ የተሠራበት ሰዓት ሁሉ ለሠራተኛው ከተመደበው ከዚህ መጠን ላይ ይበላል። ማሽንና ሮቦት ብዙውን ሥራ ተረክበዋል፤ ሆኖም መሣሪያውን የሚተክለው፣ ሲበላሽ የሚያስተካክለው ሰው ነው። መንስኤው ሳይነካ የተጠገነ ማቀፊያ ያንኑ ሰው ወይም ጓደኛውን መልሶ እዚያ ክዳን ሥር ያስገባዋል። ወጪ ስታሰሉ ይህንንም አስሉ።

የምለምናችሁ እንግዲህ ከባድ አይደለም። ከእያንዳንዱ የማቀፊያ ጥገና በኋላ ለሕዝብ ክፍት የሆነ አጭር ጽሑፍ አውጡ። ምን ተሰነጠቀ? ለምን ተሰነጠቀ? የሰነጠቀው ነገር ተወግዷል ወይስ አለ? ካለ፣ ይህ ጥገና የሚያበቃው መቼ ነው? «ለጊዜው» ተብሎ የተሠራ ጥገና ቀን ይቆረጥለት። ቀኑ ሲደርስ ማራዘም ካስፈለገም ያራዘመው ሰው ስሙን ይፈርምበት፤ ምክንያቱንም ይጻፍ። ዴቪስ-ቤሲ ላይ ማጣሪያውን የቀየሩት ሠራተኞች ሥራቸውን ሠርተዋል። ማጣሪያው ለምን ቀይ ሆነ ብሎ የመጨረሻውን መልስ የመስጠት ኃላፊነት ግን የማን እንደነበር በግልጽ አልተቀመጠም። በእናንተ ጣቢያ ያ ሰው ማነው? ስሙን ታውቁታላችሁ?

አንድ ጥያቄ ደግሞ ቀጥታ ለተቆጣጣሪዎች። ዛሬ በእናንተ ፈቃድ እየሠሩ ካሉ ሪአክተሮች ውስጥ ፍሳሹ ቆሞ ስንጥቁ ያለ ማቀፊያ ስንት ነው? ቁጥሩ በእጃችሁ አለ ብዬ አምናለሁ። ካለ አውጡት። ከሌለ ደግሞ ቆጥሩት። መልሳችሁን በዚህ ደብዳቤ መንገድ፣ በግልጽ፣ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የብየዳ ፍተሻ ባለሙያ